ፍሬሽማን ልገባ ነው፦ «ፕሌስመንት ቴስት» የሚሉት ምንድን ነው? በሦስት ሳምንትስ ምን ልዘጋጅ?

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ናቹራል ነኝ፣ ከ600 338 አምጥቻለሁ። በየትምህርቱ ሒሳብ 41፣ ፊዚክስ 49፣ እንግሊዝኛ 58፣ ኬሚስትሪ 60፣ አፕቲትዩድ 64፣ ባዮሎጂ 66 ነው። ባሕር ዳር ሆኜ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቀራል ይባላል።

ግራ የገባኝ ይህ ነው። አንዱ «ግቢ ስትገቡ ፕሌስመንት ቴስት ትፈተናላችሁ፣ የወደቀ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይወርዳል» ይላል። ሌላው «ፕሌስመንት ማለት ኢንጂነሪንግ ወይ ጤና የምትመደቢበት ነው» ይላል። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮሌጅ ስትመዘገብ ፕሌስመንት ቴስት ልትፈተን ነው፤ «አይወደቅበትም» ብለዋታል። ሦስቱ አንድ ናቸው? ደግሞስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ምን ብሠራ ይጠቅመኛል? እጄ ላይ ያሉት ከ9 እስከ 12 ያሉት የተማሪ መጻሕፍትና ስልኬ ላይ ያወረድኋቸው የፍሬሽማን ሞጁሎች ናቸው።

አባይ ማዶ

እህቴ፣ ሦስት ነገር በአንድ ስም እየተጠራ ነው። አንድ በአንድ እንፍታው።

የመጀመሪያው መግቢያ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ ስድስት ትምህርት፣ ከ600፣ ማለፊያው ግማሹ። ሪሚዲያል የሚገባው በዚያ ፈተና ግማሹን ያላገኘና ትምህርት ሚኒስቴር ለዓመቱ ያወጣውን የሪሚዲያል መቁረጫ ያሟላ ተማሪ ነው። 338 ያመጣ ሰው ጉዳይ አይደለም። ግቢ ውስጥ በሚሰጥ ፈተና ከፍሬሽማን ወደ ሪሚዲያል የሚወርድ የለም። ወሬው የመጣው ምናልባት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል፤ እሱ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ያም ቢሆን የመግቢያ ፈተና እንጂ ከገቡ በኋላ የሚያወርድ አይደለም።

ሁለተኛው የደረጃ መለያ ፈተና ነው፤ የአክስትሽ ልጅ የምትፈተነው እሱን ነው። ተማሪው ከየትኛው ኮርስ ቢጀምር ይሻለዋል የሚለውን ይወስናል። እኛ አገር የናቹራል ፍሬሽማን ሁሉ ያንኑ ሒሳብ፣ ያንኑ እንግሊዝኛ ስለሚወስድ በፈተናው ምክንያት ከኮርስ ኮርስ የሚቀይርሽ የለም። የኮርስ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ዲያግኖስቲክ ብሎ ቢሰጣችሁ የክፍሉን ሁኔታ ለማወቅ ነው። ከጎንሽ ካለው ልጅ ቀድተሽ ብትሠሪ የምታታልዪው መምህሩን ሳይሆን ራስሽን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው።

ሦስተኛው የትምህርት ክፍል ምደባ ነው። ዕድሜሽን የሚነካው ይህኛው ነው፣ የሚገርመው ግን ተማሪው አስቀድሞ የማያሰላው እሱን ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ከተመለሰ ወዲህ ተማሪ የጋራ ኮርሶችን ወስዶ ነው የሚመደበው። ከዚያ በፊት የገባ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለሽ በዚህ ጉዳይ ምክራቸውን በጥንቃቄ ስሚ፤ የእነሱ ዘመን አሠራር ሌላ ነበር።

ምደባው በፍሬሽማን ጂፒኤሽ (በኮርሶችሽ አማካይ ውጤት) እና በ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ይሠራል፤ አንዳንድ ትምህርት ክፍል ተጨማሪ ፈተና ሊጨምር ይችላል። ክብደቱን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ከዓመት ዓመትም ሊለወጥ ስለሚችል የሬጅስትራሩን ማስታወቂያ እንጂ የዶርም ወሬ አትከተዪ። ስሌቱ እንዲገባሽ ብቻ ጂፒኤ 70፣ 12ኛ ክፍል 30 ነው እንበል። ስድስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት አወር። እንግሊዝኛ ቢ (3.0)፣ ሳይኮሎጂ ኤ (4.0)፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ ቢ ፕላስ (3.5)፣ ጂኦግራፊ ኤ ማይነስ (3.75)፣ ፊዚክስ ሲ ፕላስ (2.5)፣ ሒሳብ ሲ (2.0) አመጣሽ። ክሬዲቱ እኩል ስለሆነ ድምሩን 18.75 ለ6 አካፍዪው፤ ጂፒኤሽ ከ4.0 3.125 ነው። ከ70 ሲሰላ 54.69። 338 ከ600 ደግሞ ከ30 ሲሰላ 16.9። ጠቅላላ 71.59።

አሁን ሒሳቡን ብቻ ከሲ ወደ ቢ ከፍ አድርጊው። ጂፒኤው 3.29 ይሆናል፣ ጠቅላላው 74.5 ይደርሳል። ልዩነቱ 2.9 ነጥብ ነው። ያንን 2.9 ከ12ኛ ክፍል ውጤት ለማግኘት 58 ነጥብ ተጨማሪ ማምጣት ነበረብሽ! ያ ፈተና አልፏል፤ ይህ ገና ነው። ውድድር ባለበት ትምህርት ክፍል ተማሪ የሚለያየው በነጥብ ቤት እንደሆነ አትርሺ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠቀሙበት ስኬል ሲ ከ50 እስከ 60 ድረስ ነው፤ ቢ ከ70 ይጀምራል። ከሲ ወደ ቢ ከ10 እስከ 20 ነጥብ ገደማ ነው ማለት ነው፣ ኩዊዝና አሳይመንት በማይናቅበት ኮርስ የሚደረስበት ርቀት ነው።

ቾክና ሰሌዳ

አባይ ማዶ ስለ ምደባው ጥሩ አድርጎ ገልጾታል። እኔ ወደ ሒሳቡ ልግባ።

12ኛ ክፍል 41 ማምጣትሽ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ያ ፈተና ሁሉም ምርጫ ነው፤ ምርጫ ላይ መልሶቹን ወደ ጥያቄው መልሶ በመተካትና የማይሆነውን በመሰረዝ ብዙ ነጥብ ይገኛል። ግቢ ላይ ሚድና ፋይናል (የሴሚስተር አጋማሽና ማጠቃለያ ፈተና) ውስጥ «ወርክ አውት» አለ፤ ደረጃ በደረጃ የሠራሽው ነው የሚታረመው። 70 ያመጣ ልጅ ወርክ አውት ላይ ባዶ ወረቀት ሲመልስ፣ 45 ያመጣችው ደግሞ ደህና አድርጋ ስትሠራ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ራስሽን ፈትኚ። እዚህ የላቲን ፊደል ስለማልጽፍ ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» ብዬዋለሁ። 40 ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ስልኩ ሌላ ክፍል። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «እርግጠኛ»፣ «ጥርጣሬ» ወይም «ግምት» ብለሽ ጻፊ። ይህ ምልክት ከመልሱ እኩል ያስፈልገኛል።

1. 3/4 − 2/3 × 1/2 ስንት ነው?
2. (ሀ + 3)² ሲዘረዘር?
3. (ሀ + 6)/6 ከ«ሀ» ጋር እኩል ነው?
4. 3 − 2ሀ < 7 ከሆነ ሀ ምን ይሆናል?
5. የ(−5)² ስኩዌር ሩት?
6. 2⁻³ ስንት ነው?
7. ሎጋሪዝም 32፣ ቤዙ 2 ሲሆን?
8. ለ(ሀ) = 2ሀ + 1፣ መ(ሀ) = ሀ² ከሆኑ ለ(መ(3)) እና መ(ለ(3)) ስንት ስንት ናቸው?
9. በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ስንት ሜትር ነው?
10. 1,000 ብር የነበረ ዕቃ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው?
11. በ(1፣ 2) እና በ(4፣ 11) የሚያልፈው መስመር ስሎፕ ስንት ነው?
12. «ጣና ላይ ማዕበል ካለ ጀልባ አይነሳም» እውነት ነው። ዛሬ ጀልባ አልተነሳም። ማዕበል አለ ማለት ይቻላል?

ሠርተሽ ሳትጨርሺ ወደ ታች አትውረጂ።

መልሶቹ፦ 5/12፤ ሀ² + 6ሀ + 9፤ አይደለም፣ ሀ/6 + 1 ነው፤ ሀ > −2፤ 5፤ 1/8፤ 5፤ 19 እና 49፤ 20፤ 960 ብር፤ 3፤ አይቻልም።

ከ12 ስንት አገኘሁ ብለሽ አትቁጠሪ፤ ስህተትሽ ምን እንደሚመስል እዪ። 1ኛው ላይ 1/24 ካልሽ ማባዛቱን ትተሽ ከግራ ጀምረሽ ቀንሰሻል፤ ክፍልፋይ ታውቂያለሽ፣ ቅደም ተከተል ነው የሳትሽው። 2ኛው ላይ ሀ² + 9፣ ወይም 3ኛው ላይ «አዎ» ካልሽ ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል፦ መደመርን እንደ ማባዛት እየቆጠርሽው ነው። ይህ አንድ ስህተት ኋላ ላይ ሎጋሪዝም ውስጥ፣ ሊሚት ውስጥ፣ ስኩዌር ሩት ውስጥ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። 4ኛው ላይ ሀ < −2 ካልሽ በኔጌቲቭ ሲካፈል ምልክቱ እንደሚገለበጥ ረስተሻል። 6ኛው ላይ −8 ያለ ሰው ኔጌቲቭ ርቢን እንደ ኔጌቲቭ ቁጥር ያያል። 8ኛውን ገልብጠሽ 49 እና 19 ካልሽ ከውስጥ ወደ ውጭ መሥራት አልለመድሽም። 12ኛው ላይ «አዎ» የሚል በርካታ ነው፤ ጀልባው ናፍጣ አልቆበት ሊሆን ይችላል እኮ! ትክክለኛው ግልባጭ «ጀልባ ከተነሳ ማዕበል የለም» የሚለው ነው።

አደገኛው ስህተት የትኛው መሰለሽ? «እርግጠኛ» ብለሽ የተሳሳትሽው። «ግምት» ያልሽበትን ታጠኚዋለሽ፤ እርግጠኛ የሆንሽበትን ግን ማን ይነግርሻል? ከዚያው ጀምሪ።

ቃላት ቆጣሪ

ሒሳቡ እንዳለ ሆኖ፣ ፍሬሽማን ላይ ብዙ ልጅ የሚደክመው ንባቡ ላይ ነው። ሳይኮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ክሪቲካል ቲንኪንጉ ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ሞጁል አላቸው። 58 ያመጣ ሰው እንኳ በሳምንት የሚጠበቅበትን ገጽ ሳይጨርስ ሚድ ይደርስበታል።

ራስሽን እንዲህ ለኪ። የሳይኮሎጂ ሞጁሉን ከሦስት የተለያየ ቦታ ክፈችው። ከእያንዳንዱ ቦታ 100 ቃል ቁጠሪ፣ የማታውቂውን አስምሪበት። ከ100 ቃል የማታውቂው ከ2 ካልበለጠ ያለ እርዳታ ታነብቢዋለሽ። ከ3 እስከ 5 ከሆነ በመዝገበ ቃላት ይሄዳል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ከ5 በላይ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን እየገመትሽ ነው የምታነብቢው፤ የገባሽ ይመስልሻል፣ ጥያቄ ሲመጣ ግን ይጠፋል።

ያሰመርሽባቸውን ቃላት በሁለት ክፈያቸው። የሙያ ቃላት (የሳይኮሎጂው፣ የባዮሎጂው) መምህሩ ያስተምራቸዋል፤ አሁን ተያቸው። በየትምህርቱ የሚደጋገሙትን የአካዳሚክ ቃላት ግን ማንም ቆሞ አያስተምርሽም። የታወቀው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰብ አለው። በቀን 12 ብትይዢ በሦስት ሳምንት ወደ 250 ይደርሳል፤ ሁሉንም ባትጨርሺም ዝርዝሩ ብዙ ከሚደጋገሙት ወደ ጥቂቶቹ የተደረደረ ስለሆነ ከላይ ጀምሪ። ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ጻፊ።

ደግሞ ነጥብ የሚያስጥሉ የትእዛዝ ቃላት አሉ። «ዲፋይን» ሲል ትርጉሙን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግማሽ ገጽ ብትጽፊ ጊዜሽን ታባክኚያለሽ እንጂ ነጥብ አትጨምሪም። «ኮምፔር» ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ መለኪያ ማየት ነው፤ ስለ አንዱ አንድ አንቀጽ፣ ስለ ሌላው ሌላ አንቀጽ ጽፎ መተው አይደለም። «ጀስቲፋይ» ሲል መልሱ ትክክል ቢሆንም ምክንያት ከሌለው ግማሹን ታጫለሽ። «ዲራይቭ» ሲል ፎርሙላውን በቃል አስታውሶ መጻፍ አይበቃም፤ ከመነሻው ተነሥተሽ መድረስ አለብሽ። ምርጫ ላይ ደግሞ «ኤክሴፕት» እና «ኖት» የሚሉትን ክበቢያቸው፤ የምታውቂውን ጥያቄ የሚያስጥሉት እነዚህ ናቸው።

የሽምብጥ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈተናውን ሠራሁት። 1ኛ 1/24፣ 3ኛ «አዎ»፣ 4ኛ ሀ < −2፣ 6ኛ −8፣ 8ኛ ገልብጬ፣ 12ኛ «አዎ»። ስድስት ተሳሳትሁ። ከስድስቱ አራቱን «እርግጠኛ» ብያቸው ነበር፣ 1፣ 3፣ 4 እና 12። ሳይኮሎጂው በአማካይ ከ100 ሰባት የማላውቀው አለ።

አሁን የሒሳብ ሞጁሉን ምዕራፍ አንድ ጀምሬ ቀድሜ ልሂድ ወይስ ወደ 9ኛ ክፍል ልመለስ? መመለሱ ትንሽ ያሳፍራል።

ፖሊ ናፋቂ

ወደ 9ኛ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው። ካለፉት ዓመታት የሚድና የፋይናል ወረቀት አሰባስቢ፣ እሱን ሥሪ። ጥያቄው ይደጋገማል።

ቾክና ሰሌዳ

ፖሊ ናፋቂ፣ የድሮ ሚድ ጥሩ መለኪያ ነው፣ መማሪያ ሲሆን ግን ይጎዳል። ቁጥሩ ሲቀየርባት ምን ልታደርግ ነው? 3ኛውን ጥያቄ «አዎ» ያለች ልጅ የድሮ ሚድ መልስ ብትሸመድድ ስህተቱ ከነሥሩ እዚያው ይቆያል። ሴሚስተሩ ከተጀመረ፣ ምዕራፉን ከጨረሱ በኋላ፣ በሰዓት ተገድባ ትሥራው።

እህቴ፣ በሞጁሉ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የናቹራል ሒሳብ ሞጁል ምዕራፍ አንድ ሎጂክና ስብስብ (ሴት ቲዎሪ) ነው። ሎጂክ አልጀብራ አይፈልግም፤ 35 ያመጣውም 85 ያመጣውም እኩል ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ፍሬሽማን ሒሳብ ይህች ናት እንዴ?» ያሰኛል፣ ተማሪው ይዝናናል። ምዕራፍ ሁለት የቁጥር ሥርዓት ነው፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ጨምሮ። ምዕራፍ ሦስት ፋንክሽን፣ ምዕራፍ አራት አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። ከሁለት ጀምሮ አልጀብራው ታውቋል ተብሎ ነው የሚኬደው። መምህሩ ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥር ሲያካፍል የክፍልፋይ ሥራውን በአንድ መስመር ያልፈዋል፣ ያ መስመር ያልገባት ልጅ ኮምፕሌክስ ቁጥር የከበዳት ይመስላታል። የከበዳት ክፍልፋይ ነው። በዚያ ላይ ያ ምዕራፍ የሚመጣው ሌሎቹ ኮርሶች ሁሉ ኩዊዝና አሳይመንት ሲያዥጎደጉዱ ነው፤ ያኔ ወደ 9ኛ ለመመለስ ጊዜ የለም። አሁን አለሽ። አያሳፍርም፣ ማንም አያይሽም።

በቀን ሁለት ሰዓት ለሒሳብ ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ክፍልፋይ፣ ርቢና የአልጀብራ ክፍልፋይ ብቻ ይሁን፤ በቀን 20 ጥያቄ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መልመጃ፣ በእጅ፣ እያንዳንዱን መስመር እየጻፍሽ። መስመር መዝለል ክልክል ነው፤ ስህተቱ የሚደበቀው በተዘለለው መስመር ውስጥ ነውና። 3ኛው ጥያቄ ላይ ላለው ችግር አንድ ቀላል መድኃኒት አለ፤ ማጥፋት (ካንስል ማድረግ) ባማረሽ ቁጥር «ሀ»ን በ2 ተክተሽ ሁለቱን ወገን አስዪ። (2 + 6)/6 ከ2 ጋር እኩል አይደለም፤ አለቀ። ፈተና ላይም 10 ሴኮንድ ብቻ ነው የሚፈጀው።

በስድስተኛው ቀን ያልተሠሩ 15 ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ማጠቃለያ መልመጃ መርጠሽ በሰዓት ሥሪ። ከ15 ቢያንስ 13 ካልሆነ ሁለተኛውን ሳምንት አትጀምሪ፤ ሁለት ቀን ጨምሪበት። ከሦስት ሳምንቱ ይልቅ መሠረቱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ሳምንት ኢንኢኳሊቲ፣ አብሶሉት ቫልዩ፣ ፋክተር ማድረግና ኳድራቲክ። አብሶሉት ቫልዩን በፎርሙላ አትያዢው፤ በርቀት ያዢው። የሀ − 2 አብሶሉት ቫልዩ ከ3 አይበልጥም ሲል «ከ2 የሚርቀው ከ3 አይበልጥም» ማለት ነው፤ ስለዚህ ከ−1 እስከ 5። ሦስተኛው ሳምንት ፋንክሽን፦ ዶሜይን፣ ሬንጅ፣ ኮምፖዚሽን፣ ግራፍ። የአምስት ፋንክሽኖችን ግራፍ ያለ ነጥብ ሠንጠረዥ መሳል መቻል አለብሽ፦ መስመር፣ ኳድራቲክ፣ አብሶሉት ቫልዩ፣ ኤክስፖነንሻልና ሎጋሪዝም። በዚያው ሳምንት የምዕራፍ አንድን የመጀመሪያ ገጾች አንብቢ፤ 12ኛው ጥያቄ ላይ የሳትሽው እዚያ ይስተካከላል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ቪዲዮ ማየት መሥራት አይደለም፤ እስክሪብቶ ሳይነሣ የታየ ቪዲዮ እንደ ኳስ ጨዋታ ነው። ሁለተኛ፣ መልሱን ከፍተሽ አትሥሪ። የታረመውን ስህተት በሌላ ደብተር «ያልሁት፣ ትክክሉ፣ ለምን» ብለሽ መዝግቢ፤ በየአምስት ቀኑ ያንን ደብተር ብቻ ድገሚ።

አባይ ማዶ

ፊዚክሱም 49 ስለሆነ አንድ ልጨምር። የጄኔራል ፊዚክሱ ኮርስ ከካይኔማቲክስ እስከ ፍሉይድ፣ ሙቀትና ኤሌክትሮማግኔቲዝም በአንድ ሴሚስተር ይሮጣል። ዝግጁ መሆንሽን የሚያሳየው ፎርሙላ መሸምደድሽ ሳይሆን ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅሽ ነው። ደጃችሁ ባለው ውሃ እንየው፦ ጣና በጣም በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ግርጌ ላይ ጠቅላላ ግፊቱ ስንት ፓስካል ነው?

የውሃው ድርሻ (እፍጋት × ስበት × ጥልቀት) 1,000 × 10 × 14 ማለትም 140,000 ፓስካል ነው። እዚህ ላይ የአየሩን መጨመር የሚረሳ አለ፤ ያ አንደኛው ስህተት ነው። ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ የተለመደ ነው፦ ከመጽሐፍ የተሸመደደውን 101,000 መጨመር። ያ በባሕር ወለል ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ የአየሩ ግፊት ወደ 82,000 ይወርዳል፤ መልሱ 222,000 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄው «በባሕር ወለል» ካላለ 101,000ን ከየት አመጣሁት ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ቃላት ቆጣሪ

ለአክስትሽ ልጅ ደግሞ። አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች በብዛት የሚጠቀሙት አኩፕሌሰር ወይም ለሒሳብ አሌክስ የሚባለውን ነው። ሁለቱም በኮምፒውተር ናቸው፣ የሚመጣው ጥያቄም ባለፈው መልስ ላይ ተመሥርቶ ይከብዳል ወይ ይቀላል። ጥያቄ እየከበደ ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው፤ አትደንግጥ። አኩፕሌሰር ከ200 እስከ 300 ይመዘናል፣ ሰዓት አይገድብም፣ ግን አንዴ ወደ ቀጣዩ ካለፈች ተመልሳ መልስ መቀየር አትችልም። የሒሳቡ ክፍል 20 ጥያቄ ነው። ካልኩሌተር የሚፈቀደው ኮምፒውተሩ ራሱ ስክሪን ላይ ባወጣበት ጥያቄ ብቻ ነው። አሌክስ እስከ 30 ጥያቄ አለው፣ ውጤቱ እስከ 100 ነው፣ ብዙው ምርጫ የለውም፣ ራሷ ትጽፈዋለች። የማታውቀውን «አላውቅም» የምትልበት ቁልፍ አለው፤ ስታውቅ እንጂ እየገመተች እንዳትመልስ ንገሪያት፣ በአጋጣሚ ከተገኘ መልስ በኋላ የምትቀመጥበት ኮርስ ይጥላታል።

«አይወደቅበትም» መባሉ እውነት ነው፣ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ዝቅ ያለ ውጤት ለዲግሪው የማይቆጠር መሰናዶ ኮርስ ያስወስዳታል፤ ክፍያውም ጊዜውም የራሷ ነው። ሳትዘጋጅ «እንዲያው ደረጃዬን ልይ» ብላ የምትገባ ያተረፈች እየመሰላት አንድ ሴሚስተር ትከፍላለች። ደግሞ ፈተናው ግዴታ መሆኑን አስቀድማ ትጠይቅ፦ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጆች) ተማሪን በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ እንዲመድቡ አድርጋለች፤ ሌሎችም ኮሌጆች ትራንስክሪፕት አይተው ፈተናውን ይተዉላቸዋል። የተተረጎመና የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት ከዚህ ይዛ ከሄደች ለአማካሪዋ ታሳይ።

የሽምብጥ ልጅ

ገባኝ፣ ነገ ከክፍልፋይ እጀምራለሁ። አንድ ብቻ፦ መብራት ስለሚጠፋ ሞጁሎቹን ላሳትማቸው? ካልኩሌተርስ ልግዛ?

ቾክና ሰሌዳ

ሁሉንም አታሳትሚ፤ ግቢ ስትገቢ መምህሩ የሚጠቀምበት ሌላ እትም ሊሆን ይችላል። የሒሳቡን ምዕራፍ ሁለትና ሦስት ብቻ፣ በሁለት ፊት አሳትሚ፤ የ9ኛ መጽሐፍ በእጅሽ አለ። ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ያስፈልግሻል፣ ግራፍ የሚሠራው አያስፈልግም። እነዚህን ሦስት ሳምንታት ግን ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ።

ቃላት ቆጣሪ

ከሳይኮሎጂው ምዕራፍ አንድን 10 ገጽ ጨምሪበት፣ ሰፊ ኅዳግ ትተሽ አሳትሚው። ቃላቱን ኅዳጉ ላይ ጻፊ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ካላነበብሽው ምዕራፍ አዲስ 100 ቃል ቁጠሪና ሰባቱ ስንት እንደደረሱ እዚህ ጻፊልን።